ሁለት ቆጣሪ፣ አንድ ማሳ

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ በመኸር ስንት ኩንታል እህል እንዳመረተች የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ አልነበረም። የግብርና ሚኒስቴር አንድ አሃዝ ያወጣል፤ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ደግሞ ሌላ። ብዙውን ጊዜ የሚኒስቴሩ ከፍ፣ የስታቲስቲክሱ ዝቅ ይላል። ጉዳዩ የወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎች ክርክር በተተወ። ነገር ግን መኸሩ ሲሰበሰብ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር ሆኖ የጋራ ቡድን ይልካል። ቡድኑ ምርቱን ከሕዝቡ ፍጆታ ጋር አመዛዝኖ የጎደለውን በቶን ያስቀምጣል፤ ለጋሾችም ያንን አይተው ስንዴ ይመድባሉ። አሃዙ ከእውነቱ በላይ ከሆነ የተራበ ሰው ያለ እህል ይቀራል። ከእውነቱ በታች ከሆነ ደግሞ የእርዳታው ስንዴ ገበያውን ይሞላና ያመረተው ገበሬ እህሉን በርካሽ ይጥላል።

ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ጎበዝ ባለሙያዎች ነበሯቸው። የተለያዩት በሌላ ነገር ነው፦ ማን ይቆጥራል፣ በየትኛው ካርታ ይቆጥራል፣ የቆጠረውንስ ለማን ያስረክባል? የግብርና ስታቲስቲክስ ታሪካችን የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አልተዘጋም።

ማሳ መለካት በአገራችን የተጀመረው ለስታቲስቲክስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሬት በቃላድ ሲለካ ገመዱ የሚዘረጋው ለግብር እና ለድልድል ነበር። የመሬቱ ስፋት በጋሻ ይሰፈራል፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ከተለካ በኋላ ማን ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ማንስ ጭሰኛ ሆኖ እንደሚቀር ይወሰናል። አስራቱም የራሱ ቆጣሪ ነበረው። ገማቹ እህሉ ሳይታጨድ ማሳው ዳር ቆሞ በዓይኑ ይመዝናል፤ የገመተው ይጻፋል፤ ገበሬው በዚያ ልክ ይከፍላል። አስራት የቀረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲተካው ነው። እንግዲህ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ሜትርና ኮምፓስ ይዞ ወደ ገጠር በወጣ ጊዜ የሚጠብቀው ገበሬ ገመድም ግምትም የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ሁለቱንም የሚያውቃቸው ከእጁ ሲወስዱ ነው። «ለግብር ነው?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው፤ መልሱን ማሳመር ደግሞ ከማንኛውም የናሙና ቀመር ያልተናነሰ የሥራው ክፍል ነው።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በዚያን ጊዜ ዓለም በዚህ ነገር ሩቅ ሄዶ ነበር። ዳዊት ሉቢን የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ገበሬው የዓለምን ምርት ካላወቀ በእህል ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል ብሎ ሲሟገት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የጣሊያን ንጉሥ ባደረጉለት ድጋፍ ሮም ላይ ዓለም አቀፍ የግብርና ተቋም እንዲመሠረት አድርጓል። የመጀመሪያውን የዓለም የግብርና ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1930 ያስተባበረው ይኸው ተቋም ነው። የ1940ውን ቆጠራ ጦርነት አደናቀፈው፤ ከ1950 ጀምሮ ግን ፋኦ ሥራውን ተረክቦ በየዐሥር ዓመቱ መሪ መርሐ ግብር ያወጣል። ኢትዮጵያ ፋኦን ቀደም ብላ ብትቀላቀልም የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ያልነበራት አገር ነበረች። ስንት ገበሬ እንዳለ ሳይታወቅ ከገበሬዎች መካከል ናሙና ማውጣት ያስቸግራል።

ጽሕፈት ቤቱ ግን ቆጠራ እስኪመጣ አልተቀመጠም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጀመረው ብሔራዊ የናሙና ጥናት በሁለት ዙር፣ ጠቅላይ ግዛት በጠቅላይ ግዛት እየተዘዋወረ ስለ ሕዝቡም ስለ እርሻውም መረጃ ሰበሰበ። በኋላ ዘመን በጣም የተሻሻለ ዘዴ ስላለን ያንን ሥራ ማቃለል ተገቢ አይመስለኝም። መንገድ በሌለበት፣ ካርታ በሌለበት፣ መሬት ይመረመራል ሲባል ባላባቱም ጭሰኛውም በሚደነግጥበት ዘመን የተሠራ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በእነዚያ ዓመታት ዓመታዊውን የሰብል ጥናት የያዘው የግብርና ሚኒስቴር ነበር። ነገሩ ለጊዜው ትክክል ይመስል ነበር፤ ሚኒስቴሩ በየወረዳው ሰው አለው፣ ሰብሉንም ከማንም በላይ ያውቃል። ችግሩ ምርት የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ቤት ምርቱ ማደጉን ራሱ መመስከሩ ነው። ይህን ለማስተካከል ይመስለኛል በ1973 ዓ.ም. ሥራው ወደ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የተመለሰው፤ ያን ዓመት የተጀመረው የግብርና ናሙና ጥናት በየዓመቱ መደረጉን ቀጠለ። ሲጀመር ብቻውን አልነበረም። የገጠር ቤተሰብን ኑሮ፣ ጤና፣ ገቢና እርሻ በአንድ የመስክ ሠራዊት የሚያጠና የተቀናጀ ፕሮግራም አካል ነበር። መቀናጀት ሲባል ብዙ ጊዜ ስብሰባ ነው የሚታሰበን፤ እዚያ ግን ነገሩ ተጨባጭ ነበር። አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቀበሌ፣ አንድ የቤተሰብ ዝርዝር፣ በላዩ ላይ የተለያየ መጠይቅ።

ሥራው መስክ ላይ ምን እንደሚመስል ሳይታይ የቀረው ታሪክ አይገባም። የጥናቱ መነሻ የቆጠራ ቦታ የሚባለው ነው፤ በገጠር ከ150 እስከ 200 አባወራ የሚኖርበት፣ ወሰኑ በወንዝ፣ በመንገድ፣ በገደል የተሰመረ ሥፍራ። ከመላው አገሪቱ ከ2000 በላይ የሚሆኑ የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ይመረጣሉ። ቆጣሪው እዚያው ቀበሌ ገብቶ ቤት ይከራያል፤ መጀመሪያ የሚሠራው የቦታውን አባወራ ሁሉ እየዞረ መመዝገብ ነው። ከዝርዝሩ እንደ ዓመቱ 20 ወይም 30 የሚሆን አራሽ ቤተሰብ ይወጣል። ከዚያ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ማሳ አንድ በአንድ ይለካል። ጂፒኤስ ከመለመዱ በፊት ይህ ማለት ማዕዘኑ ሁሉ ላይ ችካል ተክሎ፣ በኮምፓስ አቅጣጫ አንብቦ፣ በሜትር ርቀት ወስዶ፣ ዙሪያውን ጨርሶ ወደ ተነሣበት ችካል መመለስ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ መነሻና መድረሻው ካልገጠመና ስሕተቱ ከተፈቀደው ካለፈ ማሳው እንደገና ይዞራል። ጥማድ ቢባል፣ ገመድ ቢባል ከቦታ ቦታ ስፋቱ ስለሚለያይ የገበሬው አነጋገር ብቻ በቂ አይደለም።

ምርቱ ደግሞ የሚታወቀው በጥያቄ አይደለም። የስንዴው ወይም የጤፉ ማሳ በዕጣ ይመረጣል፤ በማሳው ውስጥም ቦታው በዕጣ ይወጣል። ቆጣሪው ከማሳው ጥግ ተነሥቶ የታዘዘውን ያህል እርምጃ በቁመትና በወርድ ገብቶ፣ የቆመበት ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በገመድ ያጥራል። ሰብሉ ያማረበት ወይም የሳሳበት ቢሆን አይመርጥም። አጨዳው ከገበሬው ጋር በአንድ ቀን እንዲሆን ቀጠሮ ይዛሉ፤ ዝናብ ቢያስፈራ ወይም ደቦ ቢገኝና ገበሬው ቆጣሪውን ሳይጠራ ካጨደ ያ ናሙና ጠፋ ማለት ነው። የታጨደው ተወቅቶ፣ ተነፍቶ ይመዘናል፤ ለቀናት ተሰጥቶ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይመዘናል፤ እርጥብ እህል ኩንታሉን ያሳብጣልና። ከ16 ካሬ ሜትር የወጣች ያች ጥቂት ኪሎ በሄክታር ተባዝታ፣ በማሳው ስፋት ተባዝታ፣ በናሙናው ክብደት ተባዝታ ነው የዞን፣ የክልል፣ የአገር ምርት የምትሆነው። ቆጣሪው ገመዱን ሁለት ስንዝር ወደ ውጭ ቢያሰፋው ስሕተቱ በስንት ሺህ እንደሚባዛ ማሰብ ነው።

ይህ ሥጋት አዲስ አይደለም። በሕንድ ከነጻነት በፊትና በኋላ ማሃላኖቢስና ሱካትሜ የተባሉ ሁለት ታላላቅ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በዚሁ ነገር ብርቱ ክርክር ገጥመዋል። ማሃላኖቢስ ትናንሽ ክብ ቦታዎችን ማጨድ ይበቃል አለ፤ ሥራው ይፈጥናል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ሱካትሜ ግን ትንሽ ቦታ ሲሆን አጫጁ ጠርዙ ላይ ያሉትን ዘለላዎች ወደ ውስጥ እየጨመረ ምርቱን ከፍ እንደሚያደርገው በሙከራ አሳየ። ሱካትሜ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በፋኦ የስታቲስቲክስ ክፍልን መርቷል፤ ማሳ ላይ በዕጣ ቦታ መርጦ አጭዶ መመዘን በታዳጊ አገሮች የተስፋፋውም በእሱ ዘመን ነው። በጎጃም ወይም በአርሲ ማሳ ላይ የሚዘረጋው የ4 በ4 ገመድ በስተጀርባው ይህ ሁሉ ክርክር አለ።

ሌላው ከባድ ጉዳይ የጊዜ ነው። ጥናቱ በመኸር ምርት ስም የሚመዘግበው ከመስከረም እስከ የካቲት የሚሰበሰበውን ነው፤ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የሚሰበሰበው የበልግ ይባላል። ስለዚህ በበልግ ዝናብ ተዘርቶ በጥቅምት የሚሰበሰብ በቆሎና ማሽላ በመኸር ይገባል። የግብርና ባለሙያው ግን በዝናቡ ነው የሚያስበው፤ በበልግ የተዘራ ለእርሱ የበልግ ነው። ሁለቱ በየራሳቸው መዝገብ ልክ ሆነው ሳለ አሃዞቻቸው ሲደራረቡ አንዱ በቆሎ ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ወይም ከናካቴው ሊወጣ ይችላል። እንሰትም አለ፤ በአጨዳ የማይመጣ፣ ዓመታት ቆሞ የሚጠበቅ፣ በሄክታር ሳይሆን በተክል ቁጥር የሚያዝ። በደቡብ የብዙ ሚሊዮን ሰው ምግብ ስለሆነ ጥናቱ የራሱን መንገድ ሊያበጅለት ግድ ሆኗል።

ወደ ሁለቱ አሃዞች እንመለስ። እንዲያውም በደርግ ዘመን ሦስተኛ ቆጣሪም ነበር። ከወሎው ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ማን ሊራብ እንደሚችል ቀድሞ ለማወቅ የራሱን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ፤ ሰዎቹም ገበያ፣ ዝናብና ሰብል ይከታተሉ ነበር። የኮሚሽኑ ሥራ ከብሔራዊ ድምር ይልቅ አደጋ ያለበትን ወረዳ ማግኘት ነበረና የአሃዙም ዓላማ ሌላ ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው እልቂት ዋና ምክንያቱ የአሃዝ እጦት አልነበረም፤ ጦርነቱና ፖለቲካው ነበር። ሆኖም መረጃው በሦስት ቤት ተበታትኖ መቀመጡ ማንም ቢሆን የማይስማማኝን ቁጥር ትቼ የሚመቸኝን ልያዝ እንዲል አስችሏል፤ ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ክፍል ነው።

የሚኒስቴሩ አሃዝ የሚመጣው ከታች ወደ ላይ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የቀበሌውን የተዘራ መሬትና የሚጠበቀውን ምርት ያሳውቃል፤ ወረዳው ይደምራል፤ ዞኑ፣ ክልሉ ይደምራል። ሠራተኛው ሰብሉን ያውቃል፤ ገበሬውንም በስም ይጠራል። ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚገመገመው በዕቅድና በክንውን ነው፤ ማዳበሪያ አከፋፍሏል፣ ምርጥ ዘር አስተዋውቋል፣ ምርት ይጨምራል ብሎ ፈርሟል። እንዲህ ያለ ሰው ከፍ ያለ ቁጥር ቢጽፍ ውሸታም ነው አልልም፤ የቆመበት ቦታ ከፍ ያለውን ያሳየዋል። የስታቲስቲክሱ ቆጣሪ የቀበሌውን ምርት አይደምርም፤ ዕጣ የወጣላቸውን 20 ቤተሰቦች ብቻ ይዞ ይሠራል። ምርት ቢጨምርም ቢቀንስም ደመወዙ ያው ነው። ለእኔ የሁለቱ ዋና ልዩነት ይህ ነው። የናሙናው ደካማ ጎን ደግሞ ግልጽ ነው፦ ለአገርና ለክልል፣ ቢበዛ ለዞን ይሆናል እንጂ ወረዳው የራሱን ቁጥር ሲጠይቀው የሚሰጠው የለውም። ወረዳ ደግሞ ያለ ቁጥር ዕቅድ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ልማት ሠራተኛው ሪፖርት ይመለሳል። ሁለቱ አሃዞች አብረው የኖሩት አንዱ የማይሞላውን ሌላው ስለሚሞላ ነው።

ይህን ክፍተት ሊዘጋ የሞከረው በ1994 ዓ.ም. የተካሄደው የግብርና ናሙና ቆጠራ ነው። ናሙናው እስከ ወረዳ የሚወርድ ግምት እንዲሰጥ ሆኖ ሰፋ፤ መሬት፣ ሰብል፣ ከብት፣ የእርሻ አሠራር ሁሉ በአንድ ዓመት ተያዘ። ውጤቱ በዝርዝር በመታተሙ አገሪቱ የምግብ ዋስትናን፣ ገበያንና መንገድን ከሰብል ጋር አያይዛ የምታይበት መሠረት አገኘች፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣው የኢትዮጵያ የገጠር ኢኮኖሚ አትላስ የወረዳ ካርታዎች የቆሙት በዚህ ቆጠራ ላይ ነው። ግን ያኔም ሆነ በኋላ በዓመታዊው ጥናት ያልተካተተ ሰፊ አገር አለ። በአፋርና በሱማሌ ክልሎች ብዙ ዞኖች የሚኖረው ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደር ከናሙናው ውጭ ነው። ቋሚ ቤትና ቋሚ ማሳ የሚፈልግ ዘዴ ከውኃ ወደ ውኃ የሚሄድን ሰው አያገኘውም። ስለ ከብት ሀብታችን የሚነገረው ትልቅ ቁጥር ይህን ጉድለት ይዞ እንደሚዞር አንባቢ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሕጉም አብሮ ተለወጠ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 442 ባለሥልጣኑን ኤጀንሲ አድርጎ፣ ከመቁጠር ሥራው በተጨማሪ ብሔራዊውን የስታቲስቲክስ ሥርዓት የማስተባበር ኃላፊነት ሰጠው፤ የግለሰብ መረጃ በምሥጢር እንዲያዝም ደነገገ። ገበሬው «ለግብር ነው?» ሲል የሚሰጠው መልስ የተጻፈው እዚህ ሕግ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1263 መሥሪያ ቤቱን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት አሰኘው፤ ተጠሪነቱም ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሆነ። ማስተባበር ግን በአዋጅ ብቻ አይሆንም። ሚኒስቴሩ የራሱን መረጃ ለራሱ ሥራ መሰብሰቡን እንዲያቆም ማንም አያስገድደውም፤ ማስገደድም የለበትም። የሚያስፈልገው የሁለቱ ቤት መዝገብ በአንድ ቃል አፈታት፣ በአንድ የወቅት ወሰን፣ በአንድ ካርታ መሠራቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የተቀበለው ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ ይህንኑ ነው የሚለው፦ ግብርና ብቻውን የተቀመጠ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ከቤተሰብ ጥናትና ከሕዝብ ቆጠራ ጋር ይተሣሠር። እኛ ዘንድ የዚህ ምርጥ ምሳሌ በ2004 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ጋር የተጀመረው የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ነው። ይህ ጥናት የገጠር ቆጠራ ቦታዎቹን የወሰደው ከግብርና ናሙና ጥናቱ ነው፤ ከቤተሰቦቹም አብዛኛዎቹን ከዚያው ዝርዝር መረጠ። ወደ 4000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከዘር በኋላ፣ ከመኸር በኋላ፣ ከዚያም ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ተጠየቁ። በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ማሳው ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን እንደበላ፣ ልጁ ትምህርት ቤት መሄዱን፣ ድርቅ ሲመጣ ምን እንደሸጠ አብሮ ይታወቃል። ኩንታል ብቻ ይዞ ረሃብን ማስረዳት አይቻልም፤ እንዲህ ባለ ጥናት ግን ይቻላል።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ የሕዝብ ቆጠራ ካርታ ነው። በ1976 የመጀመሪያው፣ በ1987 ሁለተኛው፣ በ1999 ሦስተኛው ቆጠራ ሲደረግ እያንዳንዱ አገሪቱን እንደገና ወደ ቆጠራ ቦታ ከፋፍሎ ለግብርና ጥናት አዲስ የናሙና መሠረት አስረክቧል። አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዘመ። ለእሱ ተብሎ በ2010 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀው የካርታ ሥራ ግን ባክኖ አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ናሙናቸውን አውጥተውበታል። ቆጠራው ሳይደረግ ካርታው ማገልገሉ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ካርታ ያረጃል፤ በተለይ ሰዎች ሲፈናቀሉ። የ2013 ዓ.ም. የመኸር ጥናት ትግራይን አላካተተም፤ የ2014ቱ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናትም እንዲሁ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. መኸር ጥናቱ የግል ገበሬዎች የእህል ምርት 335 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ እንደሆነ ገልጾ ነበር፤ ትግራይ የሌለችበትን የቀጣዩን ዓመት ድምር ከዚህ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ዕድገት ማስላት ትልቅ ስሕተት ነው።

የሁለት አሃዝ ነገርም አልቀረም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበጋ መስኖ ስንዴ ዙሪያ የሚነገረው የመንግሥት አሃዝና የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ግምት በእጅጉ ይራራቃሉ። የበጋ መስኖ ከመኸርና ከበልግ ዝናብ ውጭ የመጣ አዲስ ወቅት ነው፤ ዓመታዊው ጥናት የተቀረጸው ለእሱ አልነበረም። ስለዚህ ገመዱ ያልተዘረጋበት ማሳ ሪፖርት ብቻ ነው ያለው፤ ሪፖርቱን ደግሞ የሚጽፈው ያው ዕቅድ የተሰጠው ሰው ነው። ለመስኖው የራሱ ናሙናና የራሱ የ4 በ4 አጨዳ ቢዘጋጅለት ክርክሩ በአንድ ሁለት ወቅት ይረግብ ነበር።

የአስተዳደር ወሰኑም በመለወጥ ላይ ነው። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነዋል። ቀድሞ በአንድ የደቡብ ክልል ስም የተያዘው የእንሰት፣ የቡናና የበቆሎ ተከታታይ አሃዝ ዛሬ በአራት ይከፈላል፤ የቆዩት የቆጠራ ቦታዎች ወደ አዲሱ ወሰን ተዛውረው ያለፉት ዓመታት ግምት እንደገና ካልተሰላ የሲዳማ ገበሬ ምርት ከ2012 በፊት ምን ያህል እንደነበረ የሚናገር መዝገብ አይኖርም። መረጃው በመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ሥራው አድካሚ ነው እንጂ የማይሠራ አይደለም።